ስፓም የገባ ሰላምታ

በዚህች አገር ኢሜይል የሚልክ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ልኮ የሚተኛና ልኮ የሚደውል። ልኮ የሚተኛውን ተዉት። እሱ ደብዳቤው ቢደርስም ባይደርስም ደመወዙ የሚገባለት ሰው ነው። አገሩን የያዘው ሁለተኛው ነው። ይህኛው በአንድ እጁ "ላክ" የሚለውን ሲጫን በሌላው እጁ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል። "ሃሎ፣ ኢሜይል ልኬልህ ነበር፤ ደረሰ ወይ?" እናንተም ታውቁታላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ አለ፣ በየባንኩ አለ፣ ልጃችሁ የሚማርበት ትምህርት ቤትም አይጠፋም። እኔ ራሴ ከቀይ አፈር ከተማ ኢሜይል ልኮልኝ፣ መድረሱን ለማረጋገጥ በሚኒባስ ተሳፍሮ ጂንካ የመጣ ሰው አስተናግጃለሁ። ደርሶ ነበር። ሰውዬው ግን ካላየሁ አላምንም ብሎ ኮምፒውተሬ ላይ በዓይኑ አይቶ፣ አመስግኖኝ ተመለሰ።

የዚህ ወገን ሁሉ የበላይ፣ የ"ደረሰ ወይ" ዋና ባለሥልጣን፣ ክብርት እትዬ ሮማነወርቅ ናቸው። ከእኔ የኮምፒውተር ጥገናና የፎቶ ኮፒ ቤት ፊት ለፊት የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ወፍ ለማየት፣ ማጎ ፓርክ ለመግባት፣ ወደ አርቦሬ ለመውረድ የሚመጣ ፈረንጅ እሳቸው ጋ ያርፋል። ደንበኞቻቸው ሁሉ ባሕር ማዶ ስለሆኑ እንጀራቸው በኢሜይል ነው የሚመጣው። ኔትወርኩን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ማንንም አያስፈቅድም።

አንድ ቀን የክፍሎቻቸውን ፎቶ በሙሉ ደብዳቤ ላይ ጭነው ለአንድ ደንበኛ ላኩና ወዲያው ደወሉልኝ።

"ጎሳዬ፣ ደረሰ ወይ?"

"ኧረ እትዬ፣ ገና እየሄደ ነው።"

"የት ደረሰ?"

እኔም ለቀልድ፣ "አሁን አርባ ምንጭ ይሆናል" አልኳቸው።

"በቃ እዚያ ያድራል። ከዚህ የተነሳ ሁሉ አርባ ምንጭ ነው የሚያድረው" ብለው ዘጉት። በማግስቱ ገና ቤቴን ሳልከፍት ደውለው፣ "ተነሳ ወይ?" አሉኝ።

ችግሩ ግን መንገዱ አልነበረም። ደብዳቤዎቹ ይደርሱ ነበር፤ የሚደርሱት ግን ስፓም የሚባለው ጓዳ ውስጥ ነው። የማይፈለግ ደብዳቤ የሚጣልበት ቅርጫት ማለት ነው። ደንበኛው ዋናውን ሳጥን ከፍቶ ምንም ሲያጣ፣ ሮማነወርቅ ዘንድሮ ዘግታለች ብሎ ሌላ ማረፊያ ይፈልጋል። ለምን እንደሚጣሉ ለማወቅ አንዱን አስከፍቼ አነበብኩት። የክፍል ዋጋ ለጠየቀ አንድ ዶክተር የተጻፈ መልስ ነው።

ሲጀምር፣ "ለተከበሩ ዶክተር፣ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ እንዴት ናቸው? ልጆችስ? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን" ይላል። ሰውዬውን አይተውት አያውቁም፤ ናፍቀውታል። ቀጥሎ ዝናቡ እንዴት እንደዋለ፣ በግቢው ዋርካ ላይ የትኛዋ ወፍ እንደሰፈረች፣ የሾፌራቸው የዶላሞ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደገባች ይተርካል። ከዚያ፣ "እግዚአብሔር ሀብትዎን ያብዛልዎ፣ ቤትዎን ይባርክ" የሚል ምርቃት አለ። ዋጋው ከምርቃቱ በታች ነው፤ እዚያ ድረስ የወረደ ሰው ያገኘዋል። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ ከላይ እስከ ታች በትልልቁ ፊደል የተጻፈ ነው።

"እትዬ፣ ፈረንጅ በትልልቁ ሲጻፍለት የተጮኸበት ነው የሚመስለው" አልኳቸው።

"እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም" አሉኝ። "ሽማግሌውም አንተ፣ ሕፃኑም አንተ። ታዲያ በትልቁ ካልጻፍኩ በምን ላክብራቸው?"

ፊደሉን ትቼ ወደ ሰላምታው ዞርኩ። ደብዳቤ የሚያጣራ ማሽን እንዳለ፣ የማያውቁትን ሰው እየመረቁ ስለ ሀብት የሚያወሩ አጭበርባሪዎች ዓለምን እንደሞሉ፣ ማሽኑም የእሳቸውን ደብዳቤ ከእነዚያ ጋር እንደሚደባልቀው አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና፣ "ይህን ማሽን ማን ሾመው?" አሉ።

"ኧረ ማንም አልሾመው እትዬ፣ እንዲሁ ነው።"

"እንግዲያው ስማኝ። ሰላምታውን እነሱ ናቸው ከእኛ የሰረቁት። ሌባ ሰላምታዬን ስለሰረቀ እኔ ሰላም ማለት ልተው? ደህና ነህ ወይ ሳልለው ስለ ዋጋ ላውራው? እንዲህ አድርጎ ያሳደገኝ የለም።"

ጭራሽ ባሰባቸው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ቤታቸው ካደረ እንግዳ ሁሉ አድራሻውን ለቃቅመው በአንድ ጊዜ "እንኳን አደረስዎ" ብለው ላኩ። የኢሜይሉ ድርጅት እንዲህ በጅምላ የሚልከው ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ አድራሻቸውን ዘጋው። ነጠላቸውን አገልድመው ቤቴ ገቡና ወንበር ሳልሰጣቸው ተቀመጡ። "አሰሩኝ" አሉ። "እንኳን አደረሳችሁ ብሎ የታሰረ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? ሌባው ወጥቶ ይሄዳል፣ እኔ በእንቁጣጣሽ ታሰርኩ።"

ሥራዬ ነውና ሙያው የሚጠይቀውን አደረግሁ። በማረፊያው ስም የራሳቸው አድራሻ ተከፈተላቸው። ደብዳቤው በእርግጥ ከእሳቸው ቤት መውጣቱን ማሽን ለማሽን የሚያረጋግጥበት ምዝገባም ተደረገ። ይህን ወዲያው ገባቸው፤ "አዎ፣ መታወቂያ ነዋ" አሉ። ፎቶውን ቀነስን። የበዓሉንም ሰላምታ በጅምላ ትተው ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መላክ ጀመሩ፤ "እሱስ ልክ ነው፣ ሰላምታ በጅምላ አይሰጥም" ብለው ተስማሙ። ደንበኛው አድራሻቸውን ከመዘገበና አንድ ጊዜ ከመለሰላቸው ማሽኑ እንደሚያምናቸውም ነገርኳቸው።

ይህችን የመጨረሻዋን እንዴት አድርገው እንደያዟት ብታዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም እንግዳ እትዬን ስልኩ ላይ ሳይመዘግብ ከግቢው አይወጣም። አንድ ፈረንሳዊ አውሮፕላኑ ሊያመልጠው፣ ዶላሞ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀው፣ እሳቸው በረንዳው ላይ ሻንጣውን ይዘው ቆመዋል። "መጀመሪያ መዝግበኝ።" መዘገባቸው። "አሁን ጻፍልኝ።" ጻፈ። "ስፓምህን ክፈት፤ አለሁበት ወይ?" ነበሩበት። "አውጣኝ።" አወጣቸው። ከዚያ በኋላ ነው ጉንጩን ስመው ሻንጣውን የሰጡት። ሰውዬው እየሳቀ ሄደ፤ ደግሞም ወንድሙን ላከላቸው።

ትልልቁን ፊደልና ሰላምታውን ግን ማንም ሊያስተዋቸው አልቻለም። "በዚህ ነገር አትምጣብኝ" አሉኝ። እኔም አልመጣሁባቸውም።

እንግዲህ ነገሩ የከረረው ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ነው። የቤቱ ምሰሶ ሄንክ የሚባል ሆላንዳዊ ነው። እትዬ "ጋሽ ሄንክ" ነው የሚሉት። ኅዳር በመጣ ቁጥር የወፍ ወዳጆች ማኅበሩን አሰልፎ ይመጣል፣ ክፍሎቹን በሙሉ ይይዛል፣ የዶላሞን መኪና ላንድ ክሩዘሯን ከማጎ እስከ አርቦሬ ይከራያታል። ዓመቱን የሚያሻግራቸው ይህ አንድ ቡድን ነው። ዘንድሮ ግን ጋሽ ሄንክ ዝም አለ። እትዬ ጻፉ፤ መልስ የለም። ደገሙ፤ የለም። ስልኩ የመሥሪያ ቤት ስልክ ስለነበር የሚያነሳው ጠፋ። በረንዳው ላይ የወጣው የመመዝገብ ሕግ ደግሞ ጋሽ ሄንክ አምና ከሄደ በኋላ የመጣ ነው፤ ስልኩ ላይ አልመዘገባቸውም።

በዚህ መሐል ዮናስ መጣ። ዮናስ አዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ያለው፣ ትሑት፣ ጫማው የሚያበራ ሰው ነው። የእሱ ኢሜይል ስፓም ገብቶ አያውቅም። ሁለተኛው መስመር ላይ ዋጋው ቁጭ ብሏል፤ ጤንነትህን የሚጠይቅህ ነገር የለም። ለእትዬ ያቀረበላቸው ሐሳብ ግልጽ ነበር። ደብዳቤውን ሁሉ የእሱ ቢሮ ይጽፋል፤ ማረፊያው በድርጅቱ ስም ይጠራል፤ መኪና ከአዲስ አበባ ይመጣል። እሳቸው አልጋ ያነጥፋሉ። "እትዬ፣ የዛሬ ደንበኛ ጊዜ የለውም፤ እንደምን ከረሙ የሚለውን ማን ያነባል?" አላቸው። ለቅዳሜ ቀጠሮ ያዙ።

እትዬ ይህን ለእኔ አልነገሩኝም። የነገረኝ ዶላሞ ነው። እዚሁ ጎረቤታችን ያለችው የገዘር ከተማ ልጅ ነው፤ በአፍ መፍቻው በአሪኛ ሲናገር ቤቱን በሳቅ ይሞላል፤ በአማርኛ ሲሆን ቃሉን ቆጥቦ፣ እየሰባበረ ነው የሚያወጣው።

"የሄንክ መልስ እስከ ቅዳሜ ካልመጣ እትዬ ይፈርማል" አለኝ። "እኔ መኪና ቁጭ ይላል። እትዬ ስም ከበር ይወርዳል።"

እኔ ግን ከመስማቴ በፊት አንድ ነገር እንዳለ ጠርጥሬያለሁ። ያን ሳምንት ስልኬ ዝም ብሎ ነበር። ደረሰ ወይ የሚለኝ ጠፋ። ስንት ጊዜ "ምነው ይህን ስልክ ባጠፋሁት" ያልኩ ሰው፣ ደንበኛ ፊት እያወራሁ ስልኬን አየት እያደረግሁ ዋልኩ። ናፈቁኝ፤ ምን ልደብቃችሁ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ የገበያው ሰው ሸክሙን ይዞ ሲጎርፍ፣ ኮምፒውተሩን ልይላቸው በሚል ሰበብ ተሻገርኩ። ዶላሞ የትም የማይሄድ መኪናውን አጥቦ በሩ ላይ ቆሟል። እትዬ የአዘቦት ቀሚሳቸውን ትተው የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። ለፊርማ መሆኑ ገባኝ።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ዋናው ሳጥን ውስጥ ምንም የለም። "እትዬ፣ የእርስዎን ስፓም ከፍተውት ያውቃሉ?" አልኳቸው።

አንድ ጊዜ ከፍተውት ያውቃሉ። በሁዳዴ ነው። ልብስ ያልለበሰች ሴት ገጠመቻቸው፤ ለንስሐ አባታቸው ተናገሩ፤ ከዚያ ወዲያ ደርሰውበት አያውቁም።

"እዚያ ሰፈር አልገባም" አሉኝ። "የባለጌ ሰፈር ነው።"

"የእርስዎ ደብዳቤ እነሱ ጋ እዚያ ሰፈር እየገባ አይደል? የእነሱስ እርስዎ ጋ እዚያው ቢገባ?"

"ጋሽ ሄንክ? ያን የመሰለ ጨዋ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?"

ዶላሞ ከበሩ ላይ፣ "እትዬ፣ እርስዎስ ምን ሠርተው ነው የገቡት?" አለ።

እትዬ ዶላሞን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ። "አንተ ተመልከት" አሉኝ። "እሱ ካለ ንገረኝ፤ ሌላውን አትንገረኝ።"

ከፈትኩት። ሎተሪ ወጥቶላቸዋል። ፀጉር የሚያበቅል መድኃኒት ቀርቦላቸዋል። አንዲት የጄኔራል ሚስት ከሟች ባሏ ሀብት ልታካፍላቸው ትለምናለች። ዝቅ አልኩ፤ ያቺ ሴት አሁንም ልብስ አላገኘችም። አሁንም ዝቅ አልኩ። ከእነዚህ ሁሉ መሐል አንድ፣ ከላይ እስከ ታች በትልልቁ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ አየሁ። አድራሻውን አላውቀውም። የመጀመሪያው ቃል ግን በላቲን ፊደል የተጻፈ "እትዬ" ነው።

"አለ" አልኩ።

ነጠላው አልተነሳም። "አንብብልኝ።"

አነበብኩላቸው። "ክብርት እትዬ ሮማነወርቅ፣ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን ተሻለዎት? የዶላሞ ልጅ ፈተናዋን አለፈች? የመኪናው ራዲያተር ተሠራ? ዋርካው ላይ የነበሩት ወፎች ተመለሱ? ያ ጨቅጫቃ ባለ ኮምፒውተርስ ደህና ነው?" እዚህ ላይ ዶላሞ ሳቀ፤ እኔ አልፌው አነበብኩ። "እኛ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጡረታ ስለወጣሁ ከአዲሱ አድራሻዬ ነው የምጽፈው። ደብዳቤዎችዎ ሁልጊዜ ከስፓሙ ውስጥ ነው የሚገኙት፤ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ እሱን እከፍታለሁ። የድሮውን አድራሻዬንም ያልዘጋሁት የእርስዎን ለመጠበቅ ብዬ ነው። ሁለት ጊዜ ስመልስልዎ ስለ መልሴ ምንም አላሉኝም። አስቀይሜዎት እንደሆነ ይንገሩኝ። እግዚአብሔር ቤትዎን ይባርክ፣ ሀብትዎን ያብዛልዎ።" ከምርቃቱ በታች፣ እንደ እሳቸው ደንብ በመጨረሻ፣ ቡድኑ በኅዳር እንደሚመጣ፣ ክፍሎቹ ሁሉና የዶላሞ መኪና እንዲያዙለት፣ አዲሱም ስልክ ቁጥሩ አለ። የፊተኞቹም ሁለት ደብዳቤዎች ከሥሩ ተኝተዋል።

ሰውዬው እትዬን ለማክበር ብሎ የእትዬን ሰላምታ ተማረ። የእትዬ ማሽን ደግሞ ሰላምታውን አይቶ ከጄኔራል ሚስት ጋር አስተኛው።

እትዬ ቀስ ብለው ዞሩ። "ከመጀመሪያው ነው እንደምን ከረሙ ያለው?"

"ከመጀመሪያው ነው።"

"በትልልቁ ነው?"

"በትልልቁ ነው፣ እትዬ።"

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "ማን ያነባል አለኝ እኮ ያ ልጅ" አሉ። "ይኸው አለ የሚያነብ።"

ያ ልጅም መጣ። ዮናስ ወረቀቱን ይዞ፣ ሰዓቱን እያየ ገባና፣ "እትዬ፣ ተዘጋጁ? እኔ ቶሎ ልሂድ፣ እዚህች ጋ ብቻ ነው የሚፈርሙት" አላቸው።

"መጀመሪያ እንደምን አደሩ በል።"

ዮናስ ቆመ። "እንደምን አደሩ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እናትህ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

"አባትህስ?"

"አባቴ እንኳ ትንሽ አሟቸው ነበር። አሁን ተሽሏቸዋል።"

"እግዚአብሔር ይማራቸው። ተቀመጥና ቁርስ ብላ፤ ርቦህ ነው የመጣኸው። ወረቀቱን ግን ወደ ቦርሳህ መልሰው። ከዚህ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ በእኔ ስም ነው የሚወጣው፤ የዶላሞም መኪና ሥራ አላት። ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስ።"

ዮናስ ተቀመጠና በላ። እንዲያውም እንደዚያን ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ሲወጣ በረንዳው ላይ ያዙት፤ ሳይመዘግባቸው አልሄደም።

የጋሽ ሄንክን መልስ እትዬ ራሳቸው ጻፉ፤ ማንም አንዲት ፊደል እንዲነካ አልፈቀዱም። ላኩና፣ ደብዳቤው ገና ከግቢው ሳይወጣ፣ በአዲሱ ቁጥር ደወሉ። "ጋሽ ሄንክ፣ ደረሰ ወይ?" ከወዲያ በኩል የሽማግሌው ሳቅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ዶላሞ ወጥቶ፣ ታጥባ የነበረችውን መኪና እንደገና ማጠብ ጀመረ።

ማሽኑ እስከ ዛሬ አልተሸነፈም። እትዬም አልተሸነፉም፤ በትልልቁ ይጽፋሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይደውላሉ። እሱ ይጥላል፣ እኛ እናነሳለን። እኔም ጠዋት ቤቴን ስከፍት ከዋናው ሳጥን በፊት ስፓሙን ነው የማየው፤ የእትዬ ደብዳቤ ካለ ቆሜ አነበዋለሁ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነው የሚጽፉልኝ፤ እንደምን ከረምክ ይሉኛል።

ይህንንም ጽሑፍ ለጋዜጣው አዘጋጅ በኢሜይል ስልክለት፣ መጀመሪያ ስለ ጤንነቱ ጠየቅሁት፤ ባለቤቱንና ልጆቹን ጠየቅሁ፤ የአዲስ አበባው ብርድ እንዴት እንደያዛቸው ጠየቅሁ፤ መረቅሁት። ጽሑፉ ከምርቃቱ በታች ነው። ላክሁና ስልኬን አነሳሁ።

"ደረሰ ወይ?"

"ኧረ ምንም የለም" አለኝ።

"ስፓሙን ይክፈቱት" አልኩት። "እዚያ ያለውን ማየት ካፈሩም፣ ነጠላ ጣል አድርገው ሌላ ሰው ያስከፍቱ።"